የድርጭት ሰዓት ሌላ ነው፦ እንቁላል ለምትጥል ድርጭት ሚኒራል ስንሰጥ

እሺ፣ ሰላም ለሁላችሁም። ከኋላ ያላችሁት ድምፄ ይደርሳችኋል አይደል? ጥሩ። ስላይድ ምናምን አላዘጋጀሁም፣ ይዤ የመጣሁት እነዚህን ሁለት እንቁላሎች ነው። ሁለቱም የድርጭት ናቸው፣ ሁለቱም ትናንት ከሰዓት በኋላ የተጣሉ፣ ከአንድ ቤት ከአንድ ኬጅ። ከሩቅ ስታዩአቸው ምንም ልዩነት የላቸውም፣ ያው ቡኒ ቡኒ ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው። አሁን ግን የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከስር ያዙላቸውና እዩ፣ ይሄኛው ብርሃኑን እኩል ነው የሚያሳልፈው፣ ያኛው ግን ቦታ ቦታ ላይ ነጣ ብሎ ያበራል፣ ቅርፊቱ እዛ እዛ ጋ ስለሳሳ ነው። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋቸው ደግሞ የመጀመሪያው ይችልና ይችልና ድንገት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ሁለተኛው ድምፅ እንኳን የለውም፣ ገባ ነው የሚለው፣ እንዳይፈስ ይዞት ያለው ከስር ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የሁለቱም እናቶች አንድ መኖ ነው የሚበሉት። ታዲያ ምን ለያቸው? የዛሬው ወሬያችን ይሄ ነው።

ቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ድርጭት ትንሽ ዶሮ አይደለችም። ብዙዎቻችን ወደ ድርጭት የመጣነው ከዶሮ ነው፣ ስለዚህ የዶሮውን መኖ፣ የዶሮውን ሰዓት፣ የዶሮውን ልምድ ይዘን ነው የገባነው፣ ቅርፊት ሲሳሳ ደግሞ ወዲያው እጃችን የሚሄደው ካልሲየም ወደሚሰጠን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከረጢት ነው። ጨምር፣ ጨምር፣ ጨምር። እኔም እንደዛ ነበርኩ፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ፣ ጎረቤት ጨመረ ብሎ መጨመር ድርጭት ቤት ውስጥ ብዙ ወፍ ጎድቷል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንስራው። እንቁላል የምትጥል የጃፓን ድርጭት ክብደቷ 150 ግራም አካባቢ ነው፣ እንቁላሏ 11 ግራም ገደማ። ይሄ ማለት በየቀኑ የራሷን ክብደት 7 ከመቶ ትጥላለች ማለት ነው። ዶሮ 1.8 ኪሎ ሆና 60 ግራም ስትጥል 3 ከመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ከሰውነቷ መጠን አንፃር የድርጭት ሥራ የዶሮን እጥፍ ነው። ከ11 ግራሟ ውስጥ ቅርፊቱ ወደ 0.85 ግራም ይሆናል፣ ቅርፊት ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከዛ ውስጥ ንፁህ ካልሲየሙ 0.3 ግራም ያህል ይመጣል። 0.3 ግራም ስትሉ ቀላል ይመስላል፣ ግን በዓመት 280 እንቁላል የምትጥል ድርጭት 84 ግራም ካልሲየም ከሰውነቷ አወጣች ማለት ነው። 150 ግራም የምትመዝን ወፍ! የራሷን ክብደት ከግማሽ በላይ በቅርፊት መልክ አስረከበችን። እኔ ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ ስሰራው ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት፣ ተሳስቼ መስሎኝ።

አሁን ወደ መኖው። በቀን 25 ግራም ገደማ ትበላለች። የአሜሪካው ናሽናል ሪሰርች ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ለእንቁላል ጣይ የጃፓን ድርጭት 2.5 ከመቶ ካልሲየም ነው ያስቀመጠው። 25 ግራም ሲባዛ በ2.5 ከመቶ 0.625 ግራም ይመጣል፣ ከዛ ውስጥ ከአንጀቷ ወደ ደሟ የሚገባው ግማሽ አካባቢ ነው በሉ፣ 0.3 ግራም። አያችሁ? ልክ የቅርፊቱን ያህል። ትርፍ የለውም፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። አሁን ይቺኑ ወፍ የጫጩት ወይም የማሳደጊያ መኖ ብትሰጧት፣ እሱ ላይ ያለው ካልሲየም 0.8 ወይ 1 ከመቶ ቢሆን ነው፣ የበላችው በሙሉ ሳይባክን ቢገባ እንኳን 0.25 ግራም፣ ለአንድ ቅርፊት አይበቃም። ታዲያ እንዴት ነው ለተወሰኑ ቀናት መጣሏን የምትቀጥለው? ከአጥንቷ ነው የምትከፍለው።

ይሄ የአጥንት ነገር በጣም የሚያስገርመኝ ነው። ሴቷ ለመጣል ስትደርስ ሰውነቷ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይጨምርና የእግር አጥንቶቿ ውስጥ፣ ባዶ የነበረው መሀሉ ላይ፣ አዲስ አጥንት መሰራት ይጀምራል። ይሄ አጥንት ሸክም የሚሸከም አይደለም፣ መጋዘን ነው። ለሌላ ምክንያት የሞተች ጣይ ድርጭት ካጋጠማችሁ የጭኗን አጥንት ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት፣ ውስጡ በስስ ስስ የአጥንት ክር ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፣ የወንዱን ስትሰነጥቁ ግን ባዶ ነው። መጋዘኑ መሞላት የሚጀምረው ከመጀመሪያው እንቁላል ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ድርጭት ደግሞ በ6 እና በ7 ሳምንቷ ትጀምራለች፣ ስለዚህ በ5 ሳምንቷ የጣይ መኖ መጀመር አለባት ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን እንቁላል አይታችሁ አይደለም መኖ የምትቀይሩት፣ ያኔ ከዘገያችሁ መጋዘኑ ሳይሞላ ሥራ ተጀምሯል፣ ከዛ በኋላ ደግሞ እየጣሉ መሙላት በጣም ከባድ ነው። ግን ደግሞ ቀደም ብዬ ልስጥ ብላችሁ ለ2 ሳምንት ጫጩት የጣይ መኖ እንዳትሰጡ። ኩላሊቷ ያንን ሁሉ ካልሲየም ማስወጣት አይችልም፣ ተጠራቅሞ ይጎዳዋል፣ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ በኋላ ነው፣ አድጋ ልትጥል ስትል።

እሺ አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት ማለት ይቻላል። ዶሮ በአብዛኛው ጠዋት ነው የምትጥለው፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድርጭት ግን ከሰዓት በኋላ ነው፣ አብዛኛው እንቁላል ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሚወርደው። ከጣለች ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ቀጣዩ አስኳል ይለቀቃል፣ ነጩ ይለብሳል፣ ስሱ ሽፋን ይለብሳል፣ ከዛ 4 ወይ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶ የቅርፊት እጢ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ ነው ቅርፊቱ መሰራት የሚጀምረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል፣ በነጋታውም እስከ ከሰዓት ድረስ ይቀጥላል፣ ወደ 20 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓታት ላይ ያ ነጠብጣብ ቀለም ይቀባና ይወጣል። እንግዲህ አስቡት፣ ሌሊት ጨለማ ነው፣ አትበላም። ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም የደቂቃዎች ነገር ነው። ሌሊት ቅርፊቱን የሚሰራው ወይ ማታ በልታው ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟው ነው፣ ወይ አጥንቷ ነው። ሦስተኛ ምንጭ የላትም።

የራሴን ልንገራችሁ። ወደ ሁለት መቶ ድርጭት የያዝኩ ጊዜ ነው፣ ከወራት በኋላ የተሰነጠቀ እንቁላል በዛብኝ፣ ስሰበስብ ጣቴ ላይ የሚገባ፣ ትሪው ላይ የሚያፈስ። እኔም ኖራ ድንጋይ ጨመርኩ። ከ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 6 ኪሎ የነበረውን 8 አደረግኩት፣ አልተለወጠም፣ 9 አደረግኩት። ጭራሽ ባሰ። መኖ ይተዋሉ፣ ነጭ ዱቄቱ መመገቢያው ስር ይረጋል፣ ኩሳቸው ነጣና ረጠበ፣ እንቁላሉም ቁጥሩ ወረደ። መኖውን የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው ‹‹ካልሲየም ነው የጎደላቸው፣ ጨምር›› አለኝ፣ እኔም ጨመርኩ። አንድ ቀን ማታ ስልኬን እዛ ረስቼ ተመልሼ ስገባ፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል፣ ቷ ቷ ቷ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆርቆሮውን ነው የሚቆረቁሩት። መመገቢያው ባዶ ነው፣ ከስር የቀረች ነጭ ዱቄት ብቻ አለች። እኔ መኖ የምሰጠው ጠዋት ብቻ ነበር እንደ ዶሮ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሱታል። መብራቱን ደግሞ 1 ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። ስለዚህ እነዚህ ወፎች ልክ እንቁላላቸውን ጥለው፣ ልክ ለሚቀጥለው ቅርፊት ካልሲየም በሚፈልጉበት ሰዓት ላይ፣ በባዶ ሆዳቸው ነው ወደ ሌሊቱ የሚገቡት። ለስንት ወር እንደዛ እንዳሳደርኳቸው ሳስበው አሁንም ይከፋኛል።

በነጋታው ምን አደረግኩ፣ ኖራ ድንጋዩን ወደ 6 ኪሎ መለስኩት። መኖውን ለሁለት ከፈልኩት፣ ትንሹን ጠዋት፣ ብዙውን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። መብራቱን ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት፣ 16 ሰዓት እንዲሞላ አደረግኩ። ከኖራ ድንጋዩ ደግሞ ግማሹን ዱቄት ሳይሆን ፍርፍር አደረግኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሪው ደረቀ፣ በቃ። አንድ ግራም ካልሲየም አልጨመርኩም፣ እንደውም ቀነስኩ።

ፍርፍሩ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ዱቄት ሆኖ የገባ ካልሲየም ቶሎ ያልፋል፣ ሆድ ውስጥ አይቆይም። ፍርፍሩ ግን ጊዛርድ የምንለው ጡንቻማው ሆድ ውስጥ ይቀርና አሲዱ ቀስ እያለ ያሟሟዋል፣ ሌሊቱን እየተንጠባጠበ ወደ ደም ይገባል። ለዶሮ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው የሚመከረው፣ የድርጭት አፍ ግን ትንሽ ነው፣ እኔ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው የምጠቀመው፣ ከወፍራም የአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ። የባህር ዛጎልም ይሆናል፣ ኖራ ድንጋይም ይሆናል፣ ሁለቱም ንፁህ ከሆኑ 38 ከመቶ ገደማ ካልሲየም አላቸው፣ ስለዚህ ውዱን ካልገዛሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ሁሉንም ፍርፍር ማድረግም ጥሩ አይደለም፣ ግማሽ በግማሽ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቀን ላይ ደግሞ ቶሎ የሚገባው ያስፈልጋታል።

ኖራ ድንጋይ ስትገዙ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ዶሎማይት የሚባል ድንጋይ አለ፣ ሲፈጭ ተመሳሳይ ነጭ ዱቄት ነው፣ ግን ማግኒዚየም ይበዛበታል። ማግኒዚየም ያስፈልጋል፣ ሠንጠረዡ ላይ በኪሎ መኖ 500 ሚሊግራም ይላል፣ ግን እሱን በቆሎውና አኩሪ አተሩ ራሱ ይሸፍነዋል። ሲበዛ ያስቀምጣል፣ ካልሲየሙንም ይሻማል፣ ቅርፊት ይበላሻል። ቀላል መለያ አለው፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፣ ንፁህ ኖራ ድንጋይ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ዶሎማይት ዝም ይላል ወይ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። የላብራቶሪ ምርመራን አይተካም፣ ግን በር ላይ ቆማችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ነው።

አሁን ፎስፈረስ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም መጠኑን ከከረጢቱ ላይ አንብቦ ጠቅላላውን ይደምራል። እህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፋይቴት በሚባል ነገር የታሰረ ነው፣ ወፏ በራሷ ፈትታ ልትጠቀመው አትችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚቆጠረው ወፏ ልትጠቀምበት የምትችለው ፎስፈረስ ብቻ ነው፣ ለጣይ ድርጭት 0.35 ከመቶ። እሱን ለመሙላት ዲሲፒ እንጠቀማለን፣ ዲካልሲየም ፎስፌት፣ ውስጡ 18 ከመቶ ገደማ ፎስፈረስና 22 ከመቶ ገደማ ካልሲየም አለው። በ100 ኪሎ 1.2 ኪሎ ብትጨምሩ 0.22 ከመቶ ፎስፈረስ ያመጣል፣ የቀረውን እህሉ ይሞላዋል። ካልሲየሙንም አብረን እንይ፣ 6 ኪሎ ኖራ ድንጋይ 2.28 ኪሎ፣ ዲሲፒው 0.26፣ ድምሩ 2.54፣ እህሉም ትንሽ ይጨምራል፣ ቁጥሩ ሞላ። ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም የምትጨምሩ ከሆነ ዲሲፒውን መቀነስ ይቻላል፣ የአምራቹን መመሪያ ተከትላችሁ። ፎስፈረስ ሲበዛ ግን ቅርፊት ያሳሳል፣ ከአጥንት ካልሲየም ሲፈታ አብሮት ፎስፈረስ ይወጣል፣ እሱን ማስወገድ አለባት፣ ደሟ ውስጥ ቀድሞ ከሞላ አጥንቱ ካልሲየሙን እንደልብ አይለቅም። ስለዚህ አጥንት ይጠነክራል ብሎ ዲሲፒ መከመር እንቁላል ያበላሻል።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ያለ ቫይታሚን ዲ3 ዋጋ የለውም። ቫይታሚን እንጂ ሚኒራል አይደለም፣ ግን ካልሲየምን ከአንጀት የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ስለዚህ ልለየው አልችልም። ቤት ውስጥ የተዘጋች ድርጭት ፀሐይ አታገኝም፣ የመስኮት መስታወትም ብርሃን ያስገባል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሰራውን ጨረር አያሳልፍም። ዲ3 ይሁን፣ ዲ2 ለወፍ በጣም ደካማ ነው። መኖው ሻግቶ የሻጋታ መርዝ ካለበትም ጉበት ይጎዳል፣ ጉበት ከተጎዳ ደግሞ ቫይታሚን ዲው ወደሚሰራው ዓይነት አይቀየርም፣ ያኔ ካልሲየም እያለ የካልሲየም እጥረት ታያላችሁ።

ጨው ላይ አጭር እሆናለሁ። ሶዲየም 0.15 ከመቶ ነው የሚያስፈልጋት፣ በ100 ኪሎ መኖ ከ300 እስከ 350 ግራም የገበታ ጨው ይበቃል፣ የዓሣ ዱቄት የምትጨምሩ ከሆነ እሱ ራሱ ጨው ስላለው ቀንሱ። ከዚህ ስትበልጡ ብዙ ውሃ ትጠጣለች፣ ኩሱ ውሃ ይሆናል። የጉድጓድ ውሃችሁ ጨዋማ ከሆነም ቁጥሩ ውስጥ አስገቡት። ሙቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል። ድርጭት ላብ የላትም፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣባታል፣ ቅርፊት ደግሞ ካልሲየም ብቻ አይደለም፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የካርቦኔቱ ምንጭ ደሟ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ነው፣ እሱ በትንፋሽ ሲባክን ካልሲየም ሞልቶ እንኳን ቅርፊቱ ይሳሳል። በሙቀት ወቅት ካልሲየም ጨመርኩ ምንም አልሆነም የምትሉ ሰዎች፣ ለዚህ ነው። ያኔ ከጨው ላይ ቀንሳችሁ ቤኪንግ ሶዳ ተኩበት፣ 200 ግራም ጨውና 200 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ100 ኪሎ፣ ሶዲየሙ እዛው ነው የሚሆነው። ጨው ሳትቀንሱ ሶዳ ብቻ ብትጨምሩ ሶዲየም ይበዛል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ብዙው መኖ ደግሞ ሙቀቱ በረድ ሲል ይሰጥ።

አሁን በጥቂቱ ወደሚያስፈልጉት ጥቃቅን ሚኒራሎች። ቁጥራቸው ያስቃል፣ በኪሎ መኖ ዚንክ 50 ሚሊግራም፣ ማንጋኒዝ 60፣ አይረን 60፣ ኮፐር 5፣ አዮዲን 0.3፣ ሴሊኒየም 0.2። ሥራቸው ግን ትልቅ ነው። ዚንክን ውሰዱ፣ ቅድም ያልኩት ባይካርቦኔት የሚሰራው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በሚባል ኢንዛይም ነው፣ የዚህ ኢንዛይም እምብርቱ ዚንክ ነው። ዚንክ ከሌለ ካልሲየሙ ይመጣል፣ ካርቦኔቱ አይመጣም። ማንጋኒዝ ደግሞ ቅርፊቱ የሚያርፍበትን መሠረት ይሰራል፣ ክሪስታሉ በሥርዓት እንዲደረደር ማለት ነው፣ ሲጎድል ቅርፊቱ ውፍረቱ ጥሩ ሆኖ እንኳን ጥንካሬ ያጣል። እዚህ ጋ ነው እነዚህ ሁለት እንቁላሎች ትዝ የሚሉኝ፣ ውፍረት ብቻውን ጥንካሬ አይደለም። ጫጩት ላይ ደግሞ የማንጋኒዝ እጥረት የቁርጭምጭሚት ጅማት ከቦታው እንዲወጣ ያደርጋል፣ ይሄ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ኮፐር ከቅርፊቱ ስር ያለውን ስስ ሽፋን የሚያጠነክረው ነው። ሴሊኒየም ከቫይታሚን ኢ ጋር ሆኖ ሰውነቷንም አስኳሉንም ከመበላሸት ይከላከላል፣ ለማስፈልፈል እንቁላል የምትሸጡ ከሆነ ችላ አትበሉት። አዮዲንና አይረን ደህና ፕሪሚክስ ውስጥ፣ ማለትም ቫይታሚንና ጥቃቅን ሚኒራል ተቀላቅሎ በሚሸጠው ዱቄት ውስጥ አሉ፣ እዛ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

አሁን ልለምናችሁ፣ ሴሊኒየምን በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትቀላቅሉ። 0.2 ሚሊግራም በኪሎ ማለት በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 20 ሚሊግራም ማለት ነው፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ አይደለም። መርዝ የሚሆንበት መጠን ሩቅ አይደለም፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲደርስ የሚፈለፈለው ይቀንሳል፣ ሽሉ ይበላሻል፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳን በኪሎ መኖ ውስጥ ጠቅላላው ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ስለዚህ ፕሪሚክስ ግዙ። ስትገዙ ምልክቱን አንብቡ፣ ኮፐር ኦክሳይድ የሚል ካለ ወፏ ከሱ የምታገኘው በጣም ትንሽ ነው፣ አይረን ኦክሳይድ ደግሞ ቀለም ነው፣ ኮፐር ሰልፌት፣ አይረን ሰልፌት የሚሉት ይሻላሉ። ሰልፌት ግን ችግር አለው፣ እርጥበት ይወዳል፣ ከቫይታሚንና ኮሊን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ሲቆይ ቫይታሚኑን ይበላዋል፣ ስለዚህ ለዓመት አትግዙ፣ ቀኑን አይታችሁ ለሁለት ለሦስት ወር የሚሆን፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ አፉ ታስሮ። ከአሚኖ አሲድ ጋር የታሰሩት፣ ኦርጋኒክ የሚባሉት፣ ጥሩ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ ያረጁ ድርጭቶች ላይ ይጠቅሙ ይሆናል፣ ግን መሠረቱ ሳይስተካከል እነሱን መግዛት ገንዘብ ማፍሰስ ነው ባይ ነኝ።

አቀላቀሉም ላይ፣ 500 ግራም ፕሪሚክስ 100 ኪሎ ላይ በትኖ በአካፋ ማገላበጥ አይሆንም። መጀመሪያ ከ500 ግራም የበቆሎ ዱቄት ጋር ቀላቅሉት፣ 1 ኪሎ ሆነ። እሱን ከ4 ኪሎ ጋር፣ 5 ሆነ። ከዛ ወደ 20፣ ከዛ ወደ 100። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን 25 ግራም የምትበላ ወፍ ድርሻዋ 25 ግራም ውስጥ መገኘት አለበት፣ ዶሮ 110 ግራም ስትበላ ስህተቱ ይካካሳል፣ ድርጭት ላይ አይካካስም። እኔ እንደውም ያ ደካማ እንቁላል አንድ መኖ እየበሉ ለምን ከአንዷ ብቻ መጣ ስትሉኝ አንዱ መልሴ ይሄ ነው፣ አንድ መኖ አይደለም የሚበሉት፣ መመገቢያው ጥግ ላይ ያለችው ዱቄቱን፣ መሀል ያለችው ፍርፍሩን ነው የምታገኘው። በርግጥ ዕድሜም አለ፣ 8 ወር ያለፋት ድርጭት እንቁላሏ ተለቅ ይላል፣ ካልሲየም የመሳብ አቅሟ ግን ይወርዳል፣ ለእነሱ 3 ከመቶ ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ አለ? ...እሺ፣ እዛ ጋ ያሉት እናት፣ ይበሉ። ...የዶሮ ሌየር መኖ፣ የጣይ ዶሮ መኖ ማለት ነው፣ ልስጣቸው ወይ ነው ያሉት። እናቴ፣ ሌላ ካጡ ይሰጣሉ፣ ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ካልሲየሙ 3.5 እስከ 4 ከመቶ ነው፣ ለድርጭት ይበዛል፣ ሲበዛ ደግሞ ፎስፈረሱን፣ ዚንኩን፣ ማንጋኒዙን አንጀት ውስጥ ያስረዋል፣ የምትበላውንም ይቀንሳል። ፕሮቲኑ ደግሞ 16 ወይ 17 ነው፣ ድርጭት 20 ትፈልጋለች። ስለዚህ አኩሪ አተር ከጨመሩበት ሁለቱንም ወደ ልኩ ያቀርብልዎታል፣ ፕሮቲኑ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል። ለጫጩት ግን በፍፁም አይስጡ።

ወንዶቹስ አብረው ካሉ? ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ወንዱ ያን ያህል ካልሲየም አያስፈልገውም። ለዛ ነው ከፍርፍሩ የተወሰነውን ለብቻ በትንሽ ሳህን የማስቀምጠው፣ የምትጥለዋ ራሷ ሄዳ ትለቅመዋለች፣ በተለይ ከጣለች በኋላ ምሽት ላይ ቆማችሁ ብታዩ ሴቶቹ ናቸው እዛ ሳህን ላይ የሚከማቹት።

የመጨረሻ፣ የእንቁላል ቅርፊት መልሰን መስጠት እንችላለን ወይ። ይቻላል፣ 37 ከመቶ ገደማ ካልሲየም ነው። ግን ጥሬውን አይደለም፣ በሽታ ያዞራል። 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ቅርፊት መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ አድቅቁት፣ ቅርፁ ከታወቀ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። ዱቄት ግን አታድርጉት፣ ወንፊት ላይ ንፉትና የቀረውን ፍርፍር በዛ ሳህን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አስቀምጡላቸው።